የሮማ ዲናር፤ መልኩና ብሩ



ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የዩልዮስ ቄሣር መልክ በዲናር ላይ ተቀረጸ። በሕይወት ያለ ሮማዊ በሮማ ገንዘብ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቄሣር በዚያው ዓመት ተገደለ፤ ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩቱስም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በአንዱ ገጽ የራሱን መልክ፣ በሌላው ሁለት ጩቤና የነፃነት ቆብ ያለበትን ዲናር አሠራ። የተቃወመውን ልማድ ራሱ ወረሰ።

ለሕዝቡ ግን ዲናር የዕለት ኑሮ ነበር። አንዱ ዲናር በ16 አስ ይመነዘራል፤ በፖምፔይ መጠጥ ቤት አንድ አስ ወይን ያስጠጣል፤ የአስ ሩብ መታጠቢያ ቤት ያስገባል። በአውግስጦስ ዘመን የእግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር።

ኔሮን በ64 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የዲናሩን ክብደትና የብሩን ጥራት ቀነሰ። ተከታዮቹም የሠራዊቱ ደመወዝ ሲከብዳቸው በዚሁ መንገድ ሄዱ። በ268 ገደማ፣ በጋሊየኑስ ዘመን መጨረሻ፣ የብር ገንዘብ ተብሎ የሚወጣው ከመቶ 5 እጅ እንኳ ብር አልነበረውም። ሕዝቡ የቀድሞውን ጥሩ ብር ሸሽጎ አዲሱን ለገበያ አወጣ፤ ዋጋም ናረ። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 የዋጋን ጣሪያ በአዋጅ ወሰነ፤ ቅጣቱም ሞት ነበር። ገበያው ግን አልታዘዘም።

የንጉሡ መልክ እስከ መጨረሻው በገንዘቡ ላይ ነበረ፤ የጠፋው ብሩና የሕዝቡ እምነት ነው።