ከሕመም በኋላ ልብን ማየት
(በደብረ ታቦር ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ከዚህች ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እንደ ተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ 7 ቶን የሚመዝን ማዕድን ቀልጦ ሲፈስስ በውስጡ ስንጥቅ ቢቀር፣ የዚያ ዘመን ባለሙያ አስቀድሞ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ጉድለቱ የሚገለጠው መድፉ ሲተኮስ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ስለ መድፍ ሳይሆን ስለ ልብ ነው። ሆኖም ሁለቱን የሚያገናኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር፣ በሉንድ ከተማ፣ ኢንገ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ሄልሙት ሄርትዝ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሥራቸውን የጀመሩት፣ በማልመ የመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት የነበረውን የድምፅ መሣሪያ በመዋስ ነበር። በዚያው ዓመት የሚመታን ልብ የገደል ማሚቶ ለመመዝገብ በቁ። ዛሬ ሐኪሞቻችን «ኢኮ» የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ የተወለደው እንዲህ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከልብ ግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ በፍጥነቱ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ርቀቱን ይሰጣል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ይህ መሣሪያ አዲስ ጥያቄ ቀርቦለታል። ቫይረስ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ እንደሚችል፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮክሳኪም ይህንኑ እንደሚያደርጉ፣ ሐኪሞች ቀድሞም ያውቁ ነበር። ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው ዳገት ሲወጣ ቢዝል፣ ሳንባው ነውን? ልቡ ነውን? ወይስ የመኝታው ድካም ነው? ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ጥያቄው በእኛ አገር የሚከብደው ስለዚህ ነው።

አንድ አጎቴ በጉና ግርጌ የሚኖር ገበሬ ነው። ከዚሁ ሕመም ከዳነ በኋላ ከገበያ ሲመለስ ሦስት ጊዜ ይቀመጥ ጀመር። ቤተ ዘመዱ «ዕድሜ ነው» አለ። ሐኪሙ ግን ኢኮ አዘዘ። መሣሪያው በመብራት መዋዠቅ ተበላሽቶ ስለ ነበር አጎቴ ሦስት ወር ጠበቀ፤ ሲጠብቅም ያርስ ነበር። በኋላ በሌላ ስፍራ ሲታይ የልቡ የመግፋት ኃይል ቀንሶ ተገኘ። ጤነኛ ልብ ግራ ክፍሉ ከያዘው ደም በአንድ ምት ከግማሽ በላዩን ያወጣል፤ የእርሱ ከዚያ በታች ነበር። እረፍትና መድኃኒት ታዘዘለት፤ ከወራት በኋላ ሲለካም ተሻሽሎ አገኙት። የልብ ጡንቻ በተቆጣ ጊዜ ከባድ ሥራ አደገኛ ስለሆነ፣ ሐኪሞች ከ3 እስከ 6 ወር ከብርቱ ድካም መራቅን ሲመክሩ ኖረዋል። አጎቴ የዚያን እረፍት ግማሽ ያሳለፈው ሞፈር ጨብጦ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን «ያገገመ ሁሉ ልቡ ይነሣ» ብንል እንሳሳታለን። እ.ኤ.አ. በ2020 ከፍራንክፈርት የወጣ ጥናት፣ ካገገሙ 100 ሰዎች በ78ቱ ልብ ላይ በኤም.አር.አይ. አንዳች ለውጥ መታየቱን ገልጦ ዓለምን አስደነገጠ፤ ከአኃዞቹ አንዳንዶቹ ወዲያው መታረም አስፈለጋቸው። በ2021 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከታዩ 1,597 ስፖርተኞች የልብ ጡንቻ ብግነት የተገኘባቸው 37 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 2.3 ነበሩ። በለንደንም ሕመሙ ቀለል ያለላቸው የጤና ሠራተኞች ከ6 ወር በኋላ ካልታመሙ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልባቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መሐንዲስ ይህን ትምህርት ያውቀዋል፤ መነሻው ያልታወቀ ልኬት ፍርድ አይሰጥም። የደጋው ሰው ልብም በደጋው ጤነኛ ሰው ልብ ሊመዘን ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኤም.አር.አይ. በጡንቻ ውስጥ ያለውን እብጠትና ጠባሳ ከኢኮ አብልጦ ያሳያል፤ ነገር ግን ማግኔቱ ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ሂልየምና የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። በየወረዳው ሊቆም አይችልም። ኢኮ ግን በእጅ ይያዛል፤ በባትሪም የሚሠራ አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፤ በመጀመሪያ የሕመምተኛው ቃል፣ ቀጥሎ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የደም ምርመራ፣ ከዚያ ኢኮ፤ ጥርጣሬ የቀረበት ብቻ ወደ ትልቁ ከተማ ይላክ።

የፍርዱ ሥራ የሐኪሙ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ግልጽ ነው፤ ምድር ጋር በትክክል የተገናኘ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ መለዋወጫ፣ ጥገና የሚያውቅ ወጣት ባለሙያ። አጎቴን ሦስት ወር ያስጠበቀው የሕክምና ዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ዋጋው ከመሣሪያው እጅግ ያነሰ ማረጋጊያ አለመኖሩ ነው። ይህን መፈጸም ከሙያችን አቅም በላይ አይደለም።