የቃኘው ዘማች፣ የቤቱ አባት

በዚህ ማለዳ መታሰቢያቸውን የምናደርግላቸው ነፍስ ኄር፣ በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተመርጠው፣ በራስ መኰንን ፈረስ ስም በተሰየመው በቃኘው ሻለቃ ጦር ተሰልፈው፣ ባሕር ተሻግረው በኮሪያ ተራሮች ላይ ከተዋጉት፣ ከ120 በላይ ጓዶቻቸውንም በዚያ ከተነጠቁት ዘማቾች አንዱ ነበሩ።

ስለ ቃኘው ጀግንነት ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው፣ ወታደሮቹ ጦርነቱ ወላጅ ላሳጣቸው እጓለ ማውታ በኮሪያዋ ዶንግዱቾን መጠጊያ ቤት አቋቁመው፣ በባዕድ ምድር ለባዕድ ልጅ አባት መሆናቸውን ነው። ያን ርኅራኄ የለመደ ልብ ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ እንዴት ያለ አባት እንደሚወጣው፣ የእኒህ ሰው ልጆች ምስክር ናቸው።

ከ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በኮሪያ ኮሚኒስቶችን መዋጋት እንደ ነውር በተቈጠረበት ዘመን፣ ኒሻናቸውን በሣጥን ሸሽገው፣ ቅሬታቸውን በልባቸው ይዘው፣ ማታ ማታ የልጆቻቸውን ደብተር እያገላበጡ፣ የታመመችውን ባለቤታቸውን በእጃቸው እያጐረሱ፣ አንድ ቀን እንኳ ማዕዳቸውን ሳይባርኩ አልቈረሱም። ይህም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከተራራው ውጊያ የማያንስ ተጋድሎ ነበር።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።