ለትራክተራችን የኋላ ጎማ የትኛውን ፈሳሽ እንምረጥ?

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ተጠሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በትራክተር የኋላ ጎማ ውስጥ ለክብደት ስለሚሞላ ፈሳሽ ነውና። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ እኔ በሰጠሁት ምክር ምክንያት የአንድ አጥቢያ ትራክተር በዘር ወቅት ዘጠኝ ቀን ያህል ቆሟል። ስለዚህ ጥፋቴን ከመናገር እጀምራለሁ።

አጥቢያው በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ የሚያርስ ነው። ትራክተሩ የደብሩን እርሻ ከጨረሰ በኋላ በሬ የሌላቸውን አረጋውያንና ባል የሞተባቸውን እናቶች ማሳ በነጻ ያርሳል። በክረምት መግቢያ ጎማው በእርጥቡ አፈር ላይ በባዶው እየተሽከረከረ ማረሻውን መጎተት አቃተው። ኮሚቴው ምክር ቢጠይቀኝ የትራክተሩን መመሪያ ገለጥሁ። መመሪያው ካልሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው በውኃ አሟሙቶ መሙላትን ይመክራል። እርሱን ስላላገኘን የወጥ ጨው እንዲተካ ፈቀድሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ትራክተሩ በደንብ ጎተተ፤ እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ክረምት ግን ቸርኬው በቫልቩ ቀዳዳ ዙሪያ በዝገት ተበልቶ ተገኘ። የጨው ውኃው በፈሰሰበት ቦታ ሣሩ ደረቀ። ሌላ ቸርኬ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት «ዲያቆን ልጄ፣ የእኔ ማሳ ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን እንደገና ሳነብ አስቀድሜ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ጨው ለምን ተጨመረ? ዋናው ምክንያት ውኃው እንዳይረጋ ነው። መመሪያው የተጻፈው በክረምት ወራት ምድሩ በበረዶ ለሚሸፈንበት አገር ነበር። በእኛ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊት ውርጭ ቢኖርም፣ በአንድ ጎማ ውስጥ ያለ ከ200 ሊትር በላይ ውኃ በጥቂት ሰዓት ውርጭ ሙሉ በሙሉ አይረጋም። እኛ የሌላ አገርን መድኃኒት ለሌለብን በሽታ ወሰድን፤ ጉዳቱ ብቻ ቀረልን።

እንግዲህ ምርጫዎቹን በየተራ እንመልከት።

ካልሲየም ክሎራይድ የተሟሟበት አንድ ሊትር ውኃ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከንጹሕ ውኃ ይከብዳል። ነገር ግን ብረትን ይበላል፤ ሲፈስም አፈሩንና ተክሉን ይጎዳል። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ለጊዜው ቸርኬውን ይጠብቅለታል፤ ካላማዳሪው ሲበሳ ግን ጨው ያለበት ውኃ ብረቱን ያገኘዋል። የወጥ ጨውም ከዚህ አይሻልም።

ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚውለው አንቱፍሪዝ ብዙውን ጊዜ መርዛማ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ የፈሰሰውን ጥጃም ውሻም ይልሰዋል፤ ሕፃናትም ሊቀምሱት ይችላሉ። ክብደቱም ከውኃ እጅግም አይበልጥም። በግቢያችን ሊገባ አይገባውም።

በጎማው መሐል ላይ በቡሎን የሚታሰር የብረት ክብደት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሲያስፈልግ ይታሰራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይፈታል። ዋጋው ግን ለብዙ አጥቢያ ይከብዳል።

ንጹሕ ውኃ ለአብዛኞቻችን የሚበቃ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች 250 ሊትር እያንዳንዳቸው ቢሞላ አምስት ኩንታል ክብደት ይሆናል። ቢፈስ ማሳውን አይመርዝም። ውኃም ቢሆን ቸርኬን ቀስ በቀስ ያዝጋልና በየዓመቱ መመርመር ይገባል።

ይሁን እንጂ ከመሙላታችሁ በፊት ክብደት ማስፈለጉን ለኩ። በጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ማረሻው አፈር ውስጥ ሳለ ጎማው አሥር ጊዜ እስኪዞር ንዱና የተሄደውን ርቀት በችካል ምልክት አድርጉበት። ከዚያም ማረሻውን አንሥታችሁ ያንኑ ርቀት ሂዱ። ጎማው ስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ጊዜ ቢዞር መንሸራተቱ ተገቢ ነው፤ አትጨምሩ። ስምንት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ክብደት ያስፈልጋል። ከልክ ያለፈ ክብደት እርጥቡን ዋልካ ይጠቀጥቀዋል፤ ሥርም ውኃም አይገባበትም፣ ናፍጣም በከንቱ ይባክናል።

ሲሞላ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ፤ ትራክተሩም በጠንካራ መሬት ላይ በክሪክ ይነሣ። ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን ጎማው ይዙር፤ ውኃውም የቫልቩ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቁም። ይህ የጎማው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የቀረው ለንፋስ ነው፤ ንፋሱ ድንጋይ ሲመታ ጎማውን ያለዝበዋል። በሚሞላበት ጊዜ በውስጥ የታመቀው አየር በየመካከሉ ይውጣ። በመጨረሻ የጎማው አምራች ባዘዘው መጠን ንፋስ ይሞላ።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ አደራ እላለሁ። ውኃ የያዘ ጎማ ከጎሚስታ ዘንድ ከመፈታቱ በፊት ውኃው ይውጣ፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ውኃ የያዘ ጎማ በሰው ላይ ቢወድቅ ይገድላል። እንዲሁም የኋላው ሲከብድ የፊቱም ሚዛን ይታይ። የማይንሸራተት ጎማ ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩን በፊቱ ሊያነሣና ወደ ኋላ ሊገለብጥ ይችላል።

ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይመዝገቡልኝ፤ በጎማችን ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መቼና በማን ተሞላ? ቸርኬውስ መቼ ተመረመረ? ጨው ያለበት ካለ አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ እጣቢውም በማሳና በምንጭ አጠገብ አይፍሰስ።

ትራክተሩ የምእመናን ገንዘብ ነው፤ እኛ መጋቢዎች ነን። እኒያ እናት ማሳቸው በዚያ ዓመት ዘግይቶ ታረሰ። በሚመጣው ክረምት ማንም በእኛ ቸልተኝነት ተራው እንዳያልፍበት አደራ እላለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።