አንዲት አበባ፣ አእላፍ እርግብ



በጀማሪ ተመራማሪነቴ ዘመን በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን የጻፍሁት የመስክ ማስታወሻ ዛሬም ከእጄ አለ። በዚያ ደን ያገኘኋትን ብርቅዬ ኦርኪድ አንዷንም ሳልዘል ቈጥሬ፣ ስፍራዋን ለክቼ መዝግቤአለሁ። ከእርግቦች አንጻር ግን የሰፈረው አንድ ቃል ነው፦ «ብዙ»። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ቃል ነው።

ሁለት ታሪኮችን ላነጻጽር። እንግሊዞች «የእመቤት ጫማ» የሚሏት ኦርኪድ፣ ውበቷን የወደዱ ሰብሳቢዎች ከነሥሯ እየነቀሉ ስለወሰዷት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከብሪታንያ ጠፍታለች ተባለ። በ1930 ግን በዮርክሽር አንዲት ተክል ተገኘች። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ አልባ ነው፤ በዱር ለመብቀል የአፈር ፈንገስ ይሻል፤ ቡቃያውም እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። ሆኖም ስፍራዋ በምስጢር ተያዘ፤ በአበባዋ ወራት ዘብ ቆመላት፤ በኪው የዕፅዋት ተቋም ዘሯ በቤተ ሙከራ በቀለ። ዛሬ ልጆቿ በዱር ያብባሉ።

በሰሜን አሜሪካ ደኖች ትኖር የነበረችው ተጓዥ እርግብ በአንጻሩ በቢሊዮኖች ትገመት ነበር። መንጋዋ ሲያልፍ ፀሐይን ይጋርድ ነበር። ቴሌግራፍ የሰፈረችበትን ስፍራ ለአዳኞች አስታወቀ፤ ባቡር ሥጋዋን ወደ ከተማ ገበያ አጓጓዘ፤ ደኗም ተመነጠረ። በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለነበር የሞተውን ያህል መተካት አልቻለችም። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተች።

አበባዪቱ አንድ ሆና ስለቀረች ጠባቂ አገኘች፤ እርግቢቱ ብዙ ስለሆነች ጠባቂ አጣች። ብርቅነት በራሱ ያድናል ማለቴ አይደለም፤ ያዳናት ሰው ልብ ማለቱ ነው። ብዛትም ዋስትና አይደለም። «ስንት ናቸው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የሚሞተውን በምን ፍጥነት ይተካሉ?» የሚለውን ልንጠይቅ ይገባል።

ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ደን ስመለስ እርግቦቹ የቀነሱ መሰለኝ። ከ«መሰለኝ» ያለፈ ግን የምናገረው የለኝም፤ የማነጻጽርበትን ቍጥር አልጻፍሁምና። ተማሪዎቼ፣ እናንተ «ብዙ» ብላችሁ አትለፉ፤ ቍጠሩ።