ቆላ ወርዶ መክሳት፦ ከፍታና የሰውነት ክብደት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሌላውም ደጋ ብዙ ወጣት ወደ መተማ ይወርዳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ። ይህ ልዩነት ከክብደት ጋር ምን አገናኘው?

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ከፍታ ያልለመደ ሰው ደጋ ሲወጣ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ሰውነቱም ሳይሠራ እንኳ ተጨማሪ ጉልበት ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የጀርመን ጥናት፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ 20 ወንዶች 2,650 ሜትር ላይ አንድ ሳምንት ቆዩ። ያሻቸውን እየበሉ፣ ስፖርት ሳይሠሩ፣ በአማካይ 1.5 ኪሎ ገደማ ቀነሱ።

በዚህ ስሌት ቆላ የወረደ ሰው መወፈር ነበረበት። የሰሊጥ ሠራተኛው ግን ከስቶ ሲመለስ እናያለን። ሙቀቱና ከባዱ ሥራ አለ፤ ወባ አለ። ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ካላዛር ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ይገድላል።

ስለዚህ ከመተማ ቀበቶው ሰፍቶት የተመለሰውን ልጅ “ቆላው አከሳው” ብላችሁ አትለፉት። ትኩሳት ካለው ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ቆላ ከርሞ መምጣቱንም ለሐኪሙ ንገሩ።

(ሙዚቃ)