ስንቅ ማኖር ከተወኩል አያወጣም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በመቂና በባቱ አካባቢ ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ የማጓጓዣ እንኳ ሳያወጣ ማሳ ላይ የሚበሰብስበት ጊዜ አለ። ከወራት በኋላ ያው ቤተሰብ ቲማቲም በውድ ይገዛል። «የነገውን አላህ ያውቃል» ብለን ኒዕማን ስናበሰብስ ተወኩል ይመስለናል። ይህ ግን ኢስራፍ ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዘመን ከሚበላው ጥቂት በስተቀር አዝመራው በዛላው እንዲቀመጥ መክረዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያኖሩ እንደነበር በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። በአላህ መመካትን ከእርሳቸው በላይ ማን ያውቃል? የቤት ቀለብ ማኖር፣ ዋጋ እንዲወደድ እህል ከመደበቅ ማለትም ከኢሕቲካር የተለየ ነው።

በርበሬና ቋንጣ ማድረቅ ከእናቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው። የሚጎድለን ከአቧራ፣ ከዝንብና ከድንገተኛ ዝናብ መከለል ነው። ለዚህ ቀላል ሳጥን ይበቃል። ውስጡ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ክዳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወይም መስታወት ይሆናል። ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይ እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለትና በወንፊት ይሸፈናል። ሙቀቱ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው። ቲማቲም ከመቶ 94 ያህሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ታጥቦ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ሳይደራረብ በመረብ ላይ ይዘርጋ። እንደ ቆዳ ሲተጣጠፍና ሲጫኑት እርጥበት ሳይወጣው ሲቀር ደርሷል። ከቀዘቀዘ በኋላ በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕቃው ውስጥ ላብ ከታየ ተመልሶ ይድረቅ።

የሻገተውን ግን ማንም አይብላው፣ አይሽጠውም። በርበሬና ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ምግቡን ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ከእህል ክምር ሥር እርጥቡን ደብቆ ያገኙትን ነጋዴ እንዴት እንደገሠጹት እናስታውስ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ የመስጂድ ጀማዓ አዋጥቶ ሁለት ሦስት ሳጥን ቢሠራ፣ ባል የሞተባቸው እናቶችና የቲሞችን የሚያሳድጉ ቤቶች ቅድሚያ ቢያገኙ፣ ሰደቃችን የአንድ ቀን ምሳ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የእጅ ሥራቸው ገቢ ይሆናቸዋል፤ የረመዷን ሾርባቸውም ከጓዳቸው ይወጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ይባርክልን፣ ከአባካኞችም አያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።