ግብራችን ለሰፈራችን ይዋል!
(ስለ ንብረት ታክስ ለመርካቶ መራጮች የተደረገ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፓርቲያችን ግብር አትክፈሉ አይልም። አዲስ አበባ በአብዛኛው የምትተዳደረው በራሷ ገቢ ነው፤ መንገዱም ጤና ጣቢያውም የሚሠራው ከዚሁ ነው። የኛ ጥያቄ ማን ወሰነው? በምን ተተመነ? በምን ላይ ዋለ? የሚል ነው።

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ጣለ። «የጣሪያና ግድግዳ» የምንለው ይህንኑ ነው። ስሌቱ የቤቱን ግምታዊ ዓመታዊ ኪራይ የተከተለ ነበር፤ ግምቱም ለረጅም ዓመታት ሳይነካ ኖረ። በ2015 ዓ.ም ግን የከተማው አስተዳደር አዲስ አዋጅ ሳይወጣ፣ «ጥናት አድርጌያለሁ» ብሎ ግምቱን ከፍ አደረገው። የብዙ ሰው ክፍያ በአንድ ጊዜ እጥፍ ድርብ ሆነ።

በዚያው ዓመት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት የንብረት ታክስን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። በአዋጁ መሠረት ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ሲሆን፣ የሕንፃው ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። የመሬት መጠቀሚያው ታክስ ለብቻው ነው።

ሒሳብ ለመርካቶ ሰው አይነገርም፤ ቢሆንም አብረን እናስላ። 4 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት የሚታክሰው በ1 ሚሊዮኑ ላይ ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ይሆናል። አሥር እጥፍ! በዚህ መካከል የሚቆርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ወደዚያ ምክር ቤት ማንን እንደምትልኩ የኪሳችሁ ጉዳይ ነው።

ወገኖቼ፣ ቤት ጥሬ ገንዘብ አይደለም። በአሮጌ ይዞታ የምትኖር ጡረተኛ እናት ቤቷ ሚሊዮኖች ቢገመት ጡረታዋ አይጨምርም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ልትሸጠው በማትችለው መሬት ላይ የገበያ ዋጋ ሲተመንባት «ሕጉ የቱ ነው?» ብላ ብትጠይቅ እውነት አላት።

ተከራዩ ነጋዴም «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። ባለ ሕንፃው ታክሱን ኪራይ ላይ ይጨምረዋል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የሚጠብቀው የመኖሪያ ቤት ተከራይን እንጂ የሱቅ ተከራይን አይደለም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ በእሳት ሲነድ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሲሆን አይተናል። ታዲያ ቤትን ቆጥሮ የሚታክስ አስተዳደር፣ ያንኑ ቤት ከእሳት የማዳን ዕዳ የለበትምን? የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ፣ ውኃ የሚቀዳበት ቦታ፣ የማይዘጋ የጎርፍ ቦይ፤ ግብር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1ኛ. ምጣኔው ሕዝብ በተገኘበት ውይይት፣ በምክር ቤት ድምፅ፣ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ይወሰናል።
2ኛ. እያንዳንዱ ባለቤት ግምቱ እንዴት እንደተሠራ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ቅር ያለው ከአስተዳደሩ ነፃ ለሆነ ጉባኤ ይግባኝ ይላል።
3ኛ. በአንዲት መኖሪያ ቤታቸው ለሚኖሩ ጡረተኞችና አቅመ ደካሞች ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪተላለፍ ይቆያል።
4ኛ. ከየወረዳው የተሰበሰበውና በዚያው ወረዳ የዋለው ገንዘብ በየዓመቱ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የመርካቶ ሰው ቆጥሮ ይሰጣል፣ ቆጥሮ ይረከባል። ከመንግሥትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ በድምፃችሁም ሒሳባችሁን ጠይቁ!